ነጥብ አራት

ቂሊንጦ ዳር ነው የምሠራው፣ ከሸሚዝ ፋብሪካ፤
ጨርቁን ሌሎች ይለካሉ፣ እኔ ሰው የምለካ።
ስንት ደቂቃ በኪስ፣ ስንት ደቂቃ በአንገትጌ፣
ስንት ሰኮንድ ለአንድ ቁልፍ፣ ስንት ለግራ እጅጌ፣
ከየወንበሩ ጀርባ ሰዓት ይዤ ቆጥሬ፣
በሰንጠረዥ ደርድሬ፣

ሰውን ኤክስ እለዋለሁ።
ኤክስ የማታዛጋ፣
የልጅ ሳል ሰምታ የማታውቅ ሌሊቱ እስኪነጋ፣
የቤት አከራይ የሌላት።

ከዚያ ወሰን አበጃለሁ፦
ሸሚዙ በቀን ከሺህ ሁለት መቶ እንዳያንስ፤
መኪናው አርባ ነው፣ አንዱ ክር ይበጥሳል፤
ደመወዙ? እዚህ ላይ ያለኝ ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ይነስ።

ማክሰኞ ማታ ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበና መልሱን ጣለው፦
ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት።

ሠላሳ ሰባቱን አውቃቸዋለሁ፤ ነጥብ አራቷ ማን ናት?
አንድ ሰዓት ላይ ገብታ፣
አራት ከአሥራ ሁለት ሲል መርፌዋን ሰክታ
የምትወጣ? ወደየት?
ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት?

አቶ ምንውየለትን ጠየቅኩት። ሻዩን አማስሎ፣
«ቁረጠው» አለኝ፣ «ነጥብ ደመወዝ አይበላም» ብሎ።

ቆረጥኩት።
የትርፍ ክር ያህል ነው፣ ሲወድቅ ድምፅ የለውም።

ሐሙስ ዝናብ ጣለ። ከቱሉ ዲምቱ በታች መንገዱ ረግረግ ሆኖ፣
ሰርቪሱ ቆመ አሥራ አንድ ሴት ይዞ፣ ጎማው ተደፍኖ።
ሸጊቱ ብቻ ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ
በእግሯ መጣች፣ ረፋዱ ላይ፣ ቀሚሷ ጭቃ አዝሎ።
እኔ ከላይ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣
መሠለችን አያለሁ፤ በሁለት ወንበር መሐል ቆማለች፤
የዚህን ኪስ ትሰፋለች፣ የዚያን እጅጌ ትስባለች።
ቁልፍ ተካዪዋ ወይንሸት ከአንገትጌው ገብታለች።
ማንም አላዘዛቸው።
በየትኛው ረድፍ ልጻፈው? በየትኛው ዓምድ?
ሰንጠረዤ እንዲህ ያለ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ የለውም።

ማታ ተቆጠረ፤ ሺህ ሁለት መቶ ሦስት ሸሚዝ።
አቶ ምንውየለት ትከሻዬን መታ አደረገ፤
«በሃያ ሰባት ሰው ከወጣ፣ ሠላሳ ሰባቱ ለምን?
ቀመርህን እንደገና አስኪደው።»

ልጅ ሳለሁ የሰማሁት ሒሳብ ነበረ፤
ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ።
ያኔ ማንም አልጠየቀም፣ ሰዉ ሃምሳ ባይሞላስ?
ሌሊቱን አካፈልኩት። ለሠላሳ ሰባት፣
ለእያንዳንዷ አንዳንድ ጌጥ ደርሶ፣ አሥራ ሦስት ሎሚ ተረፈ።
ለሃያ ሰባት፣ ሃያ ሦስት።
ሰው በቀነሰ ቁጥር ቀሪው ይበዛል።

ቀሪ፤
በሒሳብ ደብተሬ የተረፈው ማለት ነው፣
በሰዓት ተቆጣጣሪው መዝገብ ደግሞ ያልመጣው።
አሥሩ ሴቶች ከጭቃው ወጥተው በር ላይ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆኖ፣
በቀይ እስክሪብቶ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ ተባሉ።
ደመወዛቸውም ተቆረጠ፣ እንደ ነጥቤ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሠለች በሩ ጋ ቆማ አየኋት፣
በግራ እጇ ቀኝ እጇን ታሻለች፣
የማይታይ ነገር የያዘ፣ የሚያስቀምጥበት ያጣ ሰው እንደሚያደርገው።
አሥራ ሦስቱን ሎሚ ማን ይዞት እንደሄደ ያኔ ገባኝ።

ተመለስኩ፣ ከወሰኖቹ ግርጌ አንድ መስመር ጨምሬ፣
«ኤክስ ትደክማለች» አልኩት፣ በገዛ ጣቴ ብዬ፤
ቀይ ምልክት በራ፦ ያልታወቀ ቃል።
መብራቱን አጥፍቼ ወረድኩ፣ ሳልሰርዘው ጥዬ።